የአምስት ሜትር ኩርፊያ

ኒሃል ሲንግ በአንድ ድምፅ ተሸነፈ። በአሥር ተሸንፎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ በአሥር የተሸነፈ ሰው ዕድሉን ረግሞ ይተኛል። በአንድ የተሸነፈ ግን ያቺን አንዲት ድምፅ ፍለጋ ይነሳል። ኒሃልም ተነሳና አገኛት። ያገኛትም ሩቅ ሄዶ ሳይሆን እዚያው ክፍሉ ውስጥ ነው፤ ፊት ለፊቱ ካለው አልጋ ላይ ተጋድሞ ኦቾሎኒ ከሚፈለፍለው ከጁጃር ዘንድ።

"ድምፅህን ለአሲስ ነው የሰጠኸው?"

"ለአሲስ ነው" አለ ጁጃር። አልዋሸም፤ መፈልፈሉንም አላቆመም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሆድና ጀርባ ሆኑ።

ብራምፕተን ከተማ ውስጥ አጥር ለአጥር ነው ያደጉት። በአንድ አውቶቡስ ትምህርት ቤት ተመላልሰዋል፤ ጉርድዋራ በሚሉት በአንድ ጸሎት ቤት ምንጣፍ ላይ እየተቆናጠጡ ጸሎት ረብሸው አብረው ጆሯቸውን ተቆንጥጠዋል። ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ደግሞ የአንቲ ባልቢርን ምድር ቤት አብረው ተከራዩ። የሰፈሩ ሰው አንዱን ለብቻው ካየ "ሌላኛው ታመመ እንዴ?" ብሎ ነበር የሚጠይቀው።

የተጣሉበት ወንበር የሲክ እምነት ተከታይ ተማሪዎች ማኅበር ሊቀመንበርነት ነው። ለውጭ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ግን በየዓመቱ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር የሚከበረውን የሲክ ሳምንት የሚመራው ሊቀመንበሩ ነው። ኒሃል ይህን ሳምንት ሁለት ዓመት ሙሉ በሕልሙም በውኑም ሲያዘጋጀው ኖሯል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እሱ ግን ገና ምርጫው ሳይደርስ መስታወት ፊት ቆሞ የመክፈቻ ንግግር ሲለማመድ ተይዟል። የያዘው ጁጃር ነው፤ በሳቅ አልጋው ላይ ተንከባሎ ነበር።

አሲስ ኮር አሸነፈች። ቁመቷ ከኒሃል ደረት አያልፍም፤ ጥቁር ክብ ጥምጥሟን አጥብቃ አስራ ስትገባ ግን የተቀመጠው ሁሉ ቀና ይላል። ኒሃልን ምክትሏ አደረገችው። እሱም ኩራት ራቱ ነውና እምቢ ለማለት አሰበ፤ ከሳምንቱ መቅረት ደግሞ አንጀቱን ሊቆርጠው ሆነ፤ ተቀበለ።

የኩርፊያው ትልቁ ችግር ጠዋት ጠዋት ነበር። የእነሱ ጥምጥም ለብቻ የሚሠሩት ነገር አይደለም። አምስት ሜትር ጨርቅ ነው፤ ራስ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ፣ ወጥሮ፣ በቁመቱ ደጋግሞ ያጥፈዋል። እናት ለልጇ ትይዛለች፤ ሚስት ለባሏ ትይዛለች፤ ላጤ ተማሪ ደግሞ የክፍል ጓደኛ አለው። ኒሃልና ጁጃር ዓይናቸው በቅጡ ሳይገለጥ፣ አንዱ ምድጃው ጋ አንዱ መስኮቱ ጋ ቆመው፣ ቃል ሳይለዋወጡ ሲስቡና ሲያጥፉ ነው የኖሩት። አሁን ኒሃል አንዱን ጫፍ የበር እጀታ ላይ አስሮ ብቻውን መታገል ጀመረ። ጁጃር በሩ ስለተያዘበት የራሱን ከፍሪጁ እጀታ ጋር አሰረ። አንድ ጠዋት ጠበቅ አድርጎ ሲስበው ፍሪጁ ተበርግዶ አንቲ ባልቢር በዘይትና በቅመም የዘፈዘፉት ማንጎ ከነጠርሙሱ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ።

አንቲ ባልቢር በድምፁ ደንግጠው እየሮጡ ወረዱ።

"ምንድን ነው ይሄ? ሁለት ጎረምሳ ጎን ለጎን ተኝቶ አንድ ጨርቅ የሚይዝ ሰው ይጥፋ?"

"አንቲ፣ ከበሩ ዞር በልልኝ ይበሉት፤ ክላስ ረፍዶብኛል" አለ ኒሃል።

"አንቲ፣ በሩን ለአንድ ወር የያዘው እሱ ነው ይበሉልኝ" አለ ጁጃር ማንጎ ውስጥ እንደቆመ።

"እኔ ቤት ነው ያከራየሁት፤ ፖስታ ቤት አልከፈትኩም!" አሉና መጥረጊያውን በሁለቱ መሀል ወርውረው ወጡ። መጥረጊያውን ሁለቱም ቀድመው ሊያነሱት ጎንበስ ሲሉ ግንባር ለግንባር ተጋጩ፤ ያኔም አልተነጋገሩም።

ሳምንቱ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ከሰዓት፣ አንቲ ባልቢር ኒሃልን ደረጃው ላይ አቆሙት።

"ጓደኛህ ቅዳሜ ሊለቅ ነው። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ክፍል አግኝቻለሁ ብሎኛል። ነግሮሃል?"

"አልነገረኝም።"

"ታዲያ ምን ትላለህ?"

"ምን እላለሁ? ይሂድ።"

አንቲ ከላይ እስከ ታች አዩት። "አፍህስ ይሂድ ይላል። ፊትህን ብታየው!"

እውነታቸውን ነው። ኒሃል ፈራ። ጁጃር ከዚያ ምድር ቤት ከወጣ ነገሩ ኩርፊያ መሆኑ ቀርቶ መለያየት እንደሚሆን ገባው። አንድ ጣሪያ ሥር ያለ ኩርፊያ አንድ ቀን ወይ በሳቅ ወይ በራት ይበርዳል፤ መንገድ ሲገባበት ግን ሰው ኮሪደር ላይ ተያይቶ "ሰላም ነው?" ተባብሎ የሚተላለፍ ይሆናል። ከጁጃር ጋር "ሰላም ነው?" ተባብሎ ማለፍ! ሊያናግረው ደጋግሞ አፉን ከፈተ። በከፈተ ቁጥር "የበደለኝ እሱ፣ የሚጀምረውም እሱ" የምትል ነገር ጉሮሮው ላይ ቆማ መለሰችው።

ሳምንቱ የማንንም ሐዘን የሚጠብቅ አልነበረም። ሰኞ የፎቶግራፍ ዐውደ ርእዩ ተከፈተ። ማክሰኞ ስለ እምነቱ ጥያቄና መልስ ተደረገ፤ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ "ያን ሁሉ ጸጉር ታጥባችሁ ለማድረቅ ምን ያህል ይፈጃል?" ቢል አሲስ "ሦስት ፈተና የማጥናት ያህል፤ ለዚህ ነው ጎበዞች የሆንነው" ብላ አዳራሹን በሳቅ ሞላችው። ዓርብ ላንጋር ነው፤ የመጣ ሁሉ፣ ፕሮፌሰሩም ዘበኛውም፣ ወለል ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ በነፃ የሚበላበት ማዕድ። የእሱ ኃላፊ ጁጃር ነው፤ ምስርና ሽንኩርት ሲያጓጉዝ ሰንብቷል። ረቡዕ ግን የጥምጥም ቀን ነው። የፈለገ ተማሪ የወደደውን ቀለም ይመርጣል፣ ይቀመጣል፣ ተጠምጥሞለት ይሄዳል። የረቡዕ ኃላፊ ኒሃል ነው።

ጨርቁ ከብራምፕተን ማክሰኞ ከሰዓት ደረሰ፤ መቶ ያህል ጥምጥም፣ ብርቱካናማው፣ ሰማያዊው፣ ሮዙ፣ የሰናፍጭ ቀለሙ። ኒሃል አንዱን ዳሰሰና ፊቱን አጨማደደ። አዲስ ጨርቅ ድርቅ ይላል፤ አልታጠፍም ይላል፤ ራስ ላይ ይንሸራተታል። "ለእንግዳ እንዲህ ያለ ነገር አይቀርብም፤ ታጥቦ ይለስልስ" አለ። ሐሳቡስ ደግ ነበር። ረቡዕ ማለዳ ሁሉንም ተሸክሞ ላውንደሪ ወሰደና ትልቁ ማሽን ውስጥ ጠቅጥቆ፣ ሳሙናውን ጨምሮ፣ ሻዩን እየጠጣ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ የልጁን ገመና ማውጣት ግድ ነው። ኒሃል ከልጅነቱ ጀምሮ ጥምጥም አድርጎ ያደገ ሲሆን አንድም ቀን ጥምጥም አጥቦ አያውቅም። ቤቱ ሳለ እናቱ ታጥባለች። ምድር ቤቱ ውስጥ ደግሞ እስከ ኩርፊያው ድረስ ንጹሕ ጥምጥም በራሱ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ይገኝ ነበር፤ ከየት እንደሚመጣ ጠይቆ አያውቅም። አምስት ሜትር ጨርቅ በእጅ፣ ተራ በተራ እንደሚታጠብ፣ ማሽን ውስጥ ብዙውን አንድ ላይ መክተት ደግሞ እብደት እንደሆነ የማታውቅ የሲክ እናት የለችም።

ማሽኑን ሲከፍተው መቶ ጥምጥም የለም። ያለው አንድ ነው፤ አንድ ወፍራም፣ ዥንጉርጉር፣ ጫፉ የማይታወቅ ገመድ። ቢጎትተው ጠበቀ። ሲደርቅ ይፈታል ብሎ ማድረቂያ ውስጥ ከተተው፤ ሲደርቅ ባሰበት። አጠገቡ ካልሲ የሚያጣምሩ አንዲት ባልቴት አሻግረው አዩና "ልጄ፣ መርከብ ልታስርበት ነው?" አሉት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የዚያን ቀን ያሰረው ኒሃልን ነው።

ደወለ።

"አሲስ፣ ትንሽ ችግር አለ።"

"ምን ያህል ትንሽ?"

"መኪናሽን ይዘሽ ነይ።"

አሲስ መጣች፤ ገመዱን ዞር ዞር ብላ አየችው፤ በእግሯ ነካ አደረገችው።

"ፓጂ" አለች። ታላቅ ወንድሜ ማለቷ ነው፤ እንዲህ የምታከብረው ስትበሽቅ ብቻ ነው። "ፓጂ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ጥምጥምህን ማነው የሚያጥብልህ?"

"እናቴ ናት። አሁን አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ይዤላት እሄዳለሁ።"

"ከአሁን አሁን በፊትስ?"

ኒሃልን እሑድ እሑድ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ተሰጥተው የሚንጠባጠቡት ጥምጥሞች ታወሱት፤ የጁጃር ሰማያዊዎችና የእሱ ግራጫዎች። በሥራቸው ጎንበስ ብሎ እያለፈ "ኧረ ካልሲዬን አራሰው!" ብሎ ሲያጉረመርም ነበር እንጂ ማን እንዳጠባቸው አስቦት አያውቅም። አፈረ። አንድ ወር ሙሉ በደሉን ሲቆጥር የከረመ ሰው የራሱን እዳ ድንገት ሲያየው የሚሰማው ዓይነት ማፈር ነው፤ ጆሮው ሁሉ ጋለ።

አሲስ ፊቱን አይታ ስልኳን አወጣች።

"ጁጃር? ሽንኩርቱን ጣልና ወደ አዳራሹ ና። አዎ፣ አሁን። ለምን? አይነገርም፤ መታየት ነው ያለበት።"

አዳራሹ ሲደርሱ ሰልፉ በሩን አልፎ ሄዷል። ዶል የሚሉት ትልቁ ከበሮ ይደለቃል። የማኅበሩ ልጆች ገመዱን ወለሉ ላይ ዘርግተው፣ ከበው፣ ተንበርክከው መፍታት ያዙ። ጁጃር ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ ደረሰ፤ ገመዱን አየ፤ እጁን አፉ ላይ ጫነ፤ ትከሻው ብቻ ሲርገፈገፍ ታየ። ወደ ኒሃል ሳይዞር ተንበርክኮ ከሌሎቹ ጋር መፍታት ጀመረ።

የመጀመሪያዎቹ ጨርቆች ሲፈቱ አሲስ አጨበጨበች።

"አጣፊ እፈልጋለሁ። ረጃጅሞቹ፣ ሁለታችሁ፣ እዚያ ቁሙ።"

"እኔ ብፈታ ይሻላል" አለ ጁጃር።

"እኔ ልጠምጥም" አለ ኒሃል።

"ጠምጣሚ አለኝ፤ ፈቺም አለኝ። የሌለኝ አጣፊ ነው። አንተ ምክትሌ አይደለህ? አንተስ ድምፅ የሰጠኸኝ አይደለህ? እንግዲያው ታዘዙ!"

ጫፍና ጫፍ ያዙ። አልተያዩም፤ ጨርቁን ብቻ ነው የሚያዩት። እጅ ግን አያኮርፍም። ጁጃር ሲስብ ኒሃል ያላላል፣ ኒሃል ሲያጥፍ ጁጃር ይጠብቃል፤ አንዱ ጨርቅ አልቆ ሌላው፣ ሌላውም አልቆ ሌላው። የጥምጥም ጠረጴዛዎቹ ሥራ ጀመሩ። ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው የዩኒቨርሲቲው ሆኪ ተጫዋች፣ ራሱ የውሃ በርሜል የሚያህል ልጅ፣ "ለእኔ ሁለት አንድ ላይ ይሰፋልኝ እንዴ?" እያለ ተሰላፊውን ያስቃል። ሁሉም ስቋል። ኒሃል ብቻ ቅዳሜን ያስባል።

በመጨረሻ አልቻለም።

"አንተ ነበርክ የምታጥባቸው?"

"ምን?" አለ ጁጃር። ከበሮው ይደለቃል።

"ጥምጥሞቼን! አንተ ነበርክ የምታጥባቸው?"

"እና ማን መስሎህ ነበር? አንቲ ባልቢር?"

ኒሃል ቀረብ ብሎ ሊያናግረው አንድ እርምጃ ተራመደ። ጨርቁ ረገበና እጥፋቱ ሁሉ ተዘረገፈ።

"አትምጣ!" አለ ጁጃር። "ወጥር! ስትመጣ ይበላሻል። ካለህ እዚያው ሆነህ ተናገር።"

"ሰው ይሰማል።"

"እንግዲያው ዝም በል።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌላ ሰው ከጓደኛው ጋር ሲታረቅ ጥግ ይዞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። እነዚህ ሁለቱ መሀላቸው አምስት ሜትር ጨርቅ ተወጥሯል፤ ከበሮ አለ፤ ሰልፉ ያያቸዋል። ኒሃል የሚለውን ሁሉ መጮህ ነበረበት።

"ለምን ለእሷ ሰጠህ?"

"ስለጠየቀችኝ!"

"ምን?"

"ጠ-የ-ቀ-ች-ኝ! ኩሽና ድረስ መጥታ 'ጁጃር፣ ድምፅህን ትሰጠኛለህ?' አለችኝ። አንተ የማኅበሩን ሰው ሁሉ ደጅ ጠንተሃል። ስሙን የማታውቀውን የአንደኛ ዓመት ልጅ ሳይቀር ሻይ ጋብዘሃል። እኔን አንድ ቀን ጠይቀኸኛል?"

"አንተንማ ምን ብዬ እጠይቃለሁ? አንተ እኮ... አንተማ..."

"አዎ፣ እኔማ አለሁ! እንደ በር እጀታ!"

ከበሮ መቺው እጁን ሊያሳርፍ የመረጠው ይህችን ሰዓት ነው። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሆኪ ተጫዋቹ ግማሽ ጥምጥም ራሱ ላይ እንደተንጠለጠለ ዞረ። ተሰላፊው ዞረ። አሲስ ዞረች። የዞረው ሁሉ የሚያየው ኒሃልን ነው።

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ኒሃልም ዝም ማለት ይችል ነበር። ወር ሙሉ ዝም ብሎ ኖሯል። ግን ጫፉን ይዞ የቆመውን ልጅ አየው፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ የሽንኩርቱ ይሁን የሌላ አይታወቅም። ጉሮሮው ላይ የምትቆመውን ነገር ዋጣት።

"ጁጃር! ቅዳሜ አትሂድ!"

ኒሃል ጨርቁን ይበልጥ ወጠረ።

"እየጠየቅኩህ ነው! ሳልጠይቅህ ኖሬ አሁን እየጠየቅኩህ ነው! ሊቀመንበርነቱን እንኳን... ይቅርታ አሲስ... ሊቀመንበርነቱን ውሻ ይብላው! ጥምጥም ማጠብ ታስተምረኛለህ፤ እሑድ የእኔ ተራ ይሆናል፤ የአንተንም አጥባለሁ። አትሂድብኝ!"

"ወንድሜ፣ አትሂድ!" አለ ሆኪ ተጫዋቹ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። ጠምጣሚው "ቁጭ በል፣ ተፈታብኝ!" እያለ ወደ ታች ይጎትተዋል። ከኋላ አንዲት ልጅ "አትሂድ!" አለች፤ ሌላው ተቀበላት፤ ሰልፉ በሙሉ፣ ማን እንደሚሄድ ወዴት እንደሚሄድም የማያውቀው ሳይቀር፣ "አትሂድ! አትሂድ!" እያለ ያጨበጭብ ጀመር። ከበሮ መቺውም ደስ ብሎት ምቱን አከለበት።

"በሙሉ ድምፅ አልፏል!" አለች አሲስ በማይኩ።

ጁጃር ቀና አላለም። "ጨርሰህ እጠፍ" ብቻ አለ።

ኒሃል አጠፈ። እጥፋቱ ጠማማ ወጣ። ጨርቁ በቁመቱ ታጥፎ ሲያልቅ የመጨረሻው ሥራ ጫፍን ከጫፍ ማገናኘት ነው፤ ሁለቱ ሰዎች እየተራመዱ መሀል ላይ ይገናኛሉ። ተራመዱ። ጁጃር የያዘውን ጫፍ ኒሃል መዳፍ ውስጥ አኖረና እጁን ሳያነሳ፣ ማንም እንዳይሰማ አድርጎ፣ ተናገረ።

"ክፍሉን ሰኞ ነው የተውኩት። ለሰውዬው አልመጣም ብዬዋለሁ።"

"ሰኞ? ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ለምን ዝም አልከኝ?"

"እስክትጠይቀኝ ነዋ።"

ኒሃል ሊናደድ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሊስቅ ሞከረ፤ እሱም አልሆነለትም፤ እንባው ቀደመው። ጨርቁን ከነእጥፋቱ ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ ቆመ።

"ምን አለህ?" ብለው ጮኹ ከሰልፉ። "ኧረ ምን አለ?"

"ይቀራል" አለ ኒሃል። ድምፁ ስለተሰበረ ማንም አልሰማውም፤ ደግሞ ማለት ነበረበት። "አይሄድም! ከእኔ ጋር ይቀራል!"

አዳራሹ በእልልታ ሲናጋ ጁጃር የሚቀጥለውን ጨርቅ ጫፍ ይዞ ቦታው ደርሶ ነበር።

"ያዝ እንጂ፣ አንተ" አለው። "ሰው ተሰልፏል።"